ዝግ የሆነ ስልክ የት እንዳለ ማን ያውቃል?

ስለጠፋ ስልክ ሁለት እምነቶች በሰፊው ይነገራሉ። አንደኛው፣ ሌባው ስልኩን አንዴ ከዘጋው ነገሩ አበቃ፣ ማንም አያገኘውም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ስልኩ ተከፈተም ተዘጋም፣ ባትሪው ወጣም አልወጣም፣ «እነሱ» ከፈለጉ ያገኙታል ይላል። ያው አንድ ሰው ስለተሰረቀበት ስልክ ሲያወራ የመጀመሪያውን፣ ስለ ስለላ ሲያወራ ሁለተኛውን ይዞ ሽንጡን ገትሮ ሲከራከር ይሰማል። እስካሁን በይፋ የታወቀው ማስረጃ ሲመዘን ግን ሁለቱም አይጸኑም፤ የሚወድቁትም በአንድ ምክንያት ነው። ሁለቱም ቦታን የስልኩ የራሱ ጠባይ አድርገው ያዩታል። ቦታ የሚታወቀው ግን አንድ ሰሚ ሲኖር፣ ሰሚውም የሰማውን መዝግቦ ሲያቆይ ነው። ሰሚው ታወር ሊሆን ይችላል፣ በመንገድ የሚያልፍ የሌላ ሰው ስልክ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም ራሱ ስልኩ ነው። ስለዚህ ዝግ ስልክ ይገኛል ወይስ አይገኝም ብሎ ከመከራከር በፊት፣ የሚያገኘው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ሁኔታዎቹንም መለያየት ግድ ነው። ኢንተርኔት የተቋረጠበት ስልክ፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያለ፣ ሲም ካርድ የሌለው፣ ኔትወርክ የማይደርስበት ሸለቆ የገባ፣ በቁልፉ የተዘጋ፣ ባትሪው ያለቀ፣ ባትሪው የወጣለት፤ ሁሉም በጅምላ «ኦፍላይን» ይባላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። በ2020 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ የስልክ ጥሪ ይሠራ ነበር። ጥሪ ከሠራ ደግሞ እያንዳንዱ ስልክ በየታወሩ እየተመዘገበ ነበር ማለት ነው። ለተጠቃሚው ጨለማ የሆነው ጊዜ ለኔትወርኩ እንደማንኛውም ቀን ነበር። በተቃራኒው፣ ሲም የሌለው ስልክ ታወሮችን ያዳምጣል እንጂ ራሱን አያስመዘግብም፤ የድንገተኛ አደጋ ጥሪ እስኪያደርግ ድረስ በኔትወርኩ መዝገብ ላይ የለም ማለት ይቻላል።

ታወሩ የሚያስታውሰው

የሞባይል ኔትወርክ ስልክ እንዲጠራ ከተፈለገ ስልኩ በየትኛው አካባቢ እንዳለ ማወቅ አለበት። ቦታን ማወቅ ኋላ ላይ የተጨመረ የስለላ መሣሪያ አልነበረም፤ ከጥሪው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ስልኩ ከአንድ የታወሮች ክልል ወደ ሌላው ሲሻገር ያስታውቃል፤ ባይንቀሳቀስም በየተወሰነ ጊዜ «አለሁ» ይላል። ባለቤቱ ቁልፉን ተጭኖ ሲዘጋው ከመተኛቱ በፊት ለኔትወርኩ የስንብት መልእክት ይልካል፤ ኔትወርኩም ይህ ደንበኛ ወጥቷል ብሎ ይመዘግባል። ባትሪው በድንገት ቢነቀል ወይም ስልኩ ገደል ቢገባ ስንብት የለም። ኔትወርኩ የሚቀጥለውን «አለሁ» እየጠበቀ ይቆያል፤ ጂኤስኤም በተባለው የሞባይል ሥርዓት ይህ የጥበቃ ጊዜ በ6 ደቂቃ እርከን የሚስተካከል ሆኖ እስከ 25.5 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ደዋዩ በሁለቱም ጊዜ የሚሰማው ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም የሚለውን ያንኑ ድምፅ ነው። በኔትወርኩ ውስጥ ግን ተሰናብቶ የሄደና ድንገት ድምፁ የጠፋ ስልክ ሁለት የተለያዩ ክስተቶች ናቸው፤ መርማሪም ልዩነቱን ሊጠይቅ ይችላል።

ይህ ዕውቀት የሚደርስበት ርቀት ውስን ነው። በጂኤስኤም አንድ ታወር ስልኩ ከእሱ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካው በ550 ሜትር ገደማ እርከን ነው፤ የመጨረሻው ወሰን 35 ኪ.ሜ. ነው። ታወሮች በተጠጋጉበት ከተማ ነገሩ ወደ ጥቂት መቶ ሜትሮች ይወርዳል፤ በገጠር ግን «እዚህ ታወር ሥር ነው» ማለት አንድ ሙሉ ወረዳ ማለት ሊሆን ይችላል። ትክክለኛነቱን ወደ ላይ የገፋው የደኅንነት ፍላጎት ሳይሆን የነፍስ አድን ሥራ ነበር። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1996 ባወጣው፣ በ1999 ባሻሻለው ደንብ፣ ቦታን በኔትወርክ የሚለኩ ኩባንያዎች ከአደጋ ጥሪዎች 67 በመቶውን በ100 ሜትር፣ 95 በመቶውን በ300 ሜትር ውስጥ እንዲያመለክቱ አስገደደ። አምቡላንስ እንዲደርስ የተዘረጋው መሠረተ ልማት ለሌላውም ጠያቂ ያው መሠረተ ልማት ነው።

የመዝገቡ ብዛት ጎልቶ የወጣው በጀርመን ነው። የአረንጓዴዎቹ ፓርቲ ፖለቲከኛ ማልተ ሽፒትስ ዶይቸ ቴሌኮም ስለ እሱ የያዘውን የስድስት ወር መረጃ ተከራክሮ ካስወጣ በኋላ፣ በ2011 ከ35,000 በላይ ነጥቦች ያሉት የሕይወቱ ካርታ ታተመ። ከዚያ ወዲህ የሕግ ክርክሩ በሁለት ወገን ቆሟል። አንደኛው ወገን መዝገቡ የኩባንያው የሥራ ሰነድ ነው፣ ደንበኛው ወዶ ለሦስተኛ ወገን የሰጠው ነው ይላል። ሌላኛው ወገን ስልክ ሳይዙ መኖር በማይቻልበት ዘመን ፈቃድ የሚባል ነገር የለም ይላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካርፔንተር ክስ ተብሎ በሚታወቀው ጉዳይ በሰኔ 2018 በ5 ለ4 ድምፅ ወደ ሁለተኛው አዘነበለ፤ ለክሱ የዋለው የ127 ቀን መዝገብ 12,898 የቦታ ነጥቦች ነበሩት። ከኢትዮጵያ ጋር የሚያያዘው ሰነድ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 ያወጣው ሪፖርት ነው። የጸጥታ አካላት የስልክ መዛግብትን ያለ በቂ የሕግ ቁጥጥር ያገኙ እንደነበር ይከሳል። ልብ ማለት የሚያሻው፣ በእነዚህ አገሮች ሁሉ ክርክሩ ያለፈን መዝገብ የሚመለከት መሆኑን ነው። ዛሬ ስልክን መዝጋት ትናንት የተመዘገበውን አይሰርዝም።

የመጨረሻው ነጥብ እና ዝምታው

በመጋቢት 2011 መጨረሻ 72 ሰዎችን የጫነች ጎማ ጀልባ ከትሪፖሊ ተነሣች። ከተሳፋሪዎቹ 47ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ነዳጁ ሲያልቅ በያዙት የሳተላይት ስልክ ሮም ለሚኖሩት ኤርትራዊ ካህን ለአባ ሙሴ ዘርኣይ ደወሉ፤ እሳቸውም ለጣሊያን የባሕር ጠረፍ ጠባቂ አስታወቁ፣ የጀልባዋም ቦታ ከስልክ ኩባንያው ከቱራያ ተገኘ። በአካባቢው ለነበሩ መርከቦች ሁሉ የአደጋ ጥሪ ተላለፈ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ጸጥ አለ። ጀልባዋ ለሁለት ሳምንት ያህል ስትንሳፈፍ ቆይታ ነፋስና ሞገድ መልሶ ወደ ሊቢያ ጠረፍ ጣላት፤ 63 ሰዎች ሞቱ፣ የተረፉት 9 ብቻ ናቸው። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2012 በቲነከ ስትሪክ ሪፖርት ጉዳዩን መረመረ። ቻርልስ ሄለርና ሎሬንዞ ፔዛኒ የሚመሩት ፎረንሲክ ኦሽኖግራፊ የተባለ የለንደን የምርምር ቡድን ደግሞ ከመጨረሻው የስልክ ነጥብ ተነሥቶ፣ የእነዚያን ቀናት የነፋስና የሞገድ መረጃ አስልቶ ጀልባዋ በየቀኑ የት እንደነበረች በካርታ አስቀመጠ።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ከመስመር የወጣ ስልክ የመጨረሻው ነጥቡና የሚንቀሳቀስበት ሕግ ከታወቀ በስሌት ሊከተሉት ይቻላል፤ ባሕር ላይ ሕጉ ነፋስና ሞገድ ነው፣ ከተማ ውስጥ የሰውየው ልማድ ነው። በ2013 በኢቭ አሌክሳንደር ደ ሞንጆይና ባልደረቦቹ የታተመ ጥናት፣ በ1.5 ሚሊዮን ሰዎች የ15 ወር መዝገብ ላይ አራት የቦታና የሰዓት ነጥቦች ብቻ 95 በመቶውን ሰው ከሌላው ለመለየት እንደሚበቁ አሳይቷል፤ እንቅስቃሴያችን ከምናስበው በላይ የየራሳችን ነው። ሁለተኛው ነገር የበለጠ ይከብዳል። ጀልባዋን ያሳጣት የቦታ መረጃ እጦት አልነበረም። ቦታው በጊዜው ታውቆ ነበር፤ የጠፋው ሄዶ የሚያነሣ ነው። «ስልኩ በርቶ ቢሆን ኖሮ» የሚለው ቁጭት በብዙ አደጋዎች ላይ ከሚገባው በላይ ይነገራል።

ዝምታ ራሱ ደግሞ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። በኅዳር 2022 በአሜሪካ አይዳሆ አራት ተማሪዎች ሲገደሉ፣ የፖሊስ የመሐላ ቃል እንደሚለው የተጠርጣሪው የብራያን ኮህበርገር ስልክ ከሌሊቱ 8፡47 እስከ 10፡48 ድረስ ከኔትወርኩ ጋር አልተገናኘም፤ ግድያው የተፈጸመው ከ10፡00 እስከ 10፡25 ባለው ጊዜ ነው ተብሎ ተገምቷል። ተከሳሹ በ2025 ጥፋተኝነቱን አምኗል። የመከላከያ ጠበቆች በእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚያነሡት ተቃውሞ ግን ቀላል አይደለም፤ ባትሪ ያልቃል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ሰው ተኝቶ ስልኩን ይዘጋል። ዝምታ የሚናገረው በዙሪያው ካለው ድምፅ ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው። ማታ ማታ ስልኩን የሚዘጋ ሰው አንድ ሌሊት መዝጋቱ ምንም አያስረዳም፤ ዘግቶ የማያውቅ ሰው መዝጋቱ ግን ጥያቄ ያስነሣል።

ተዘግቶም ይሰማል የሚሉት

ሁለተኛው እምነት ዋና ድጋፉን ያገኘው በ2013 ነው። ዋሽንግተን ፖስት በሐምሌ ወር ባወጣው ዘገባ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ በ2004 የተዘጉ ስልኮችን ሳይቀር የሚያገኝበት ዘዴ እንደነበረው፣ በኢራቅ የተሰማሩ ወታደሮችም እንደተጠቀሙበት ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት የኤጀንሲውን ምስጢሮች ያጋለጠው ኤድዋርድ ስኖውደን በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ቀርቦ የተዘጋ ስልክ ከርቀት ሊከፈት እንደሚችል ተናገረ። እንዴት የሚለውን ግን ዘገባውም ቃለ መጠይቁም በዝርዝር አላስረዱም፤ ክርክሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንዱ ማብራሪያ ስልኩ ፈጽሞ አልተዘጋም የሚል ነው። አስቀድሞ የገባበት ተንኮለኛ ፕሮግራም (ማልዌር) ባለቤቱ ቁልፉን ሲጫን ማያ ገጹን ያጠፋል፣ የመዝጊያውን ምስል ያሳያል፣ ድምፁን ያፍናል፤ ከሥር ግን ስልኩ ይሠራል። ይህ ሊሆን እንደሚችል ተረጋግጧል። ኤቪጂ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በ2015 ይህን የሚያደርግ የአንድሮይድ ማልዌር አግኝቷል፤ ዜክኦፕስ በ2022 በአይፎን ላይ ተመሳሳዩን በሙከራ አሳይቷል። ሌላው ማብራሪያ ማልዌር ያልነካው፣ ባትሪው የወጣ ስልክ እንኳ ምልክት ያወጣል የሚል ነው። ለዚህ በይፋ የቀረበ ማስረጃ የለም፤ የፊዚክስ ሕግም አይረዳውም። ማሰራጨት ኃይል ይጠይቃል፣ ኃይል የሌለው አስተላላፊ አያሰራጭም። አንድ የሚያምታታ ነገር ብቻ አለ፤ በእስር ቤቶች የተደበቁ ስልኮችን ለመፈለግ የሚያገለግል መሣሪያ የራሱን ሞገድ ልኮ ከኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች የሚመለሰውን ስለሚያነብ ባትሪ የሌለው ስልክንም ያገኛል። ይህ ግን ግድግዳ ለግድግዳ የሚደረግ ፍተሻ ነው፤ ስልኩን ያገኛል እንጂ የማን እንደሆነ አይናገርም፣ ከተማ ሙሉም አያስስም።

ስለዚህ የ2004ቱን ዘዴ በተመለከተ ሚዛን የሚደፋው የመጀመሪያው ማብራሪያ ነው፤ ይህ ደግሞ አስቀድሞ ዒላማ የተደረገን ሰው እንጂ ማንኛውንም ስልክ አይመለከትም። ግን አንድ ነገር ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። ያኔ የጀርባውን ክዳን ከፍቶ ባትሪ መንቀል ይቻል ነበር። ዛሬ አብዛኛው ስማርት ስልክ የታሸገ ስለሆነ፣ «ተዘጋ» የሚለውን ቃሉን ከማመን ሌላ ባለቤቱ የሚያረጋግጥበት መንገድ እጁ ላይ የለም።

መንገደኛው ሰሚ

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከስለላ ድርጅት ሳይሆን ከስልክ ሻጮች ነው፤ ያውም በድብቅ ሳይሆን በማስታወቂያ። አፕል በሰኔ 2019 ኢንተርኔት የሌለው መሣሪያ በሌሎች ሰዎች አፕል መሣሪያዎች አማካይነት የሚገኝበትን ሥርዓት አስተዋወቀ። በ2021 በአይኦኤስ 15 ይህ ከተዘጋም በኋላ እንዲቀጥል ተደረገ፤ ከአይፎን 11 ወዲህ ባሉት ብዙዎቹ ሞዴሎች መዝጊያው ሲጎተት ከሥሩ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ሊገኝ እንደሚችል የሚገልጽ ትንሽ ጽሑፍ ይታያል። ሳምሰንግ በ2020 የራሱን ጀመረ፤ ጉግል በሚያዝያ 2024 በአሜሪካና በካናዳ ጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች አሰፋው፣ ፒክስል 8ም ባትሪው ካለቀ በኋላ እንዲገኝ ተደርጎ ወጣ።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ተገቢ ነው። ከኢንተርኔት የተለየው አይፎን በብሉቱዝ አጭር ምልክት ይረጫል። ምልክቱ ስምም ቁጥርም የለውም፤ በየ15 ደቂቃው ገደማ የሚቀያየር ይፋ የምስጠራ ቁልፍ ነው የያዘው። በአጠገቡ የሚያልፍ የሌላ ሰው አይፎን ምልክቱን ይይዛል፣ የራሱን የቆመበትን ቦታ በዚያው ቁልፍ ይመሰጥራል፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ወደ አፕል ሰርቨር ይልካል። መክፈቻው ያለው በስልኩ ባለቤት ሌሎች መሣሪያዎች ላይ ብቻ ነው። በመንገደኛ እጅ እንደሚላክ የታሸገ ደብዳቤ ነው፤ ልዩነቱ መንገደኛው መልእክት መያዙን አለማወቁ ነው። ስልኩ ሲዘጋ ደግሞ ዋናው ፕሮሰሰር ይተኛል እንጂ የብሉቱዝ ቺፑ ከባትሪው በተቆጠበ ጥቂት ኃይል ምልክቱን መርጨት ይቀጥላል።

የሥርዓቱ ደጋፊዎች ኩባንያው ራሱ ቦታውን ማንበብ አይችልም ይላሉ፤ በመሠረቱም እውነት ነው። በጀርመን የዳርምሽታት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 ሥርዓቱን ፈትተው ሲመረምሩ ንድፉ በአብዛኛው የተባለውን እንደሚያደርግ አረጋግጠዋል። ግን ሁለት ቀዳዳም አግኝተዋል። አንደኛው፣ በማክ ኮምፒውተር ላይ የገባ ተንኮለኛ ፕሮግራም ያለፉትን ሰባት ቀናት የቦታ ታሪክ ማንበብ የሚችልበት ነበር፤ ይህ ተደፍኗል። ሁለተኛው፣ የሁለት ሰዎችን ቦታ አንድ መንገደኛ ስልክ ካቀበለ ኩባንያው ቦታውን ባያውቅም ሁለቱ በአንድ ስፍራ እንደነበሩ ሊገምት መቻሉ ነው፤ ይህ ከንድፉ የሚመጣ ነው። በ2022 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በተዘጋ አይፎን ውስጥ የሚሠራው የብሉቱዝ ቺፕ ሶፍትዌር በፊርማ እንደማይጠበቅ፣ በንድፈ ሐሳብ ስልኩ «ተዘግቶ» ሳለ ማልዌር ሊሠራበት እንደሚችል አሳየ። የ2013ቱ ክርክር ባልተጠበቀ በር ተመለሰ ማለት ነው፤ ያኔ መዝጊያውን ማስመሰል ያስፈልግ ነበር፣ አሁን አምራቹ ራሱ አንዱን ክፍል አብርቶ ይተወዋል።

ስልኩ ለራሱ የሚያውቀው

ስለ ጂፒኤስ ያለውን ስሕተት በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። 20,200 ኪ.ሜ. ከፍታ ላይ ያሉት ሳተላይቶች ስልክ አያዩም፤ እነሱ ይናገራሉ፣ ስልኩ ይሰማል፣ ስሌቱን የሚሠራው ስልኩ ነው። በዚህ ምክንያት ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያለ ስልክ ቦታውን አውቆ፣ መዝግቦ፣ ኋላ ኢንተርኔት ሲያገኝ ሊልክ ይችላል። ይህ «የዘገየ» መገኘት ብዙ ጊዜ ይረሳል። በ2011 አይፎኖች የታወርና የዋይፋይ ቦታዎችን ባልተመሰጠረ ፋይል ሲያከማቹ መቆየታቸው ታውቆ ግርግር ተነሣ፤ በ2017 ደግሞ ኳርትዝ የተባለው የዜና ድርጅት፣ የአንድሮይድ ስልኮች ሎኬሽን ተዘግቶ እንኳ የታወር መለያ ለጉግል እንደሚልኩ አጋለጠ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2015 የባትሪ ፍጆታን ብቻ በማንበብ የተኬደበትን መንገድ መገመት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ያ ግን አስቀድሞ በተለኩ መንገዶች መካከል መምረጥ ነው፣ ለመንደር ሌባ የሚሆን ዘዴ አይደለም።

ያልተቋጨው

የመንገደኛው ሥርዓት ውስጣዊ ቅራኔ አለበት። ሥርዓቱ ከዕቃ ጋር ለሚያያዝ ትንሽ መከታተያም ያገለግላል፤ ለባለቤቱ የጠፋ ዕቃ የሚያሳየው ምልክት፣ ሴትን ለሚከታተል ሰው ቦርሳዋ ውስጥ የተደበቀ ሰላይ ይሆናል። አፕልና ጉግል በግንቦት 2024 የማይታወቅ መከታተያ አብሮዎት እየሄደ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ በጋራ ሥራ ላይ አዋሉ። ማስጠንቀቂያው ግን ሰለባን ከሌባ አይለይም፤ ቦርሳውን ከውስጡ ካለው መከታተያ ጋር ይዞ የሮጠው ሰውም ይነገረዋል። አንዱን ጥቃት ለመከላከል የተሠራው ሌላውን ማዳከሙ የማይቀር ነው፤ በእኔ ሚዛን የሰው ደኅንነት ከዕቃ ይቀድማል፣ ኩባንያዎቹም ወደዚያ ማዘንበላቸው ትክክል ነው። ጉግልም አቀባይ ስልኮች ሰው በሚበዛባቸው ስፍራዎች ብቻ እንዲሳተፉ ነባሪ ምርጫ ማድረጉ የመገኘትን ዕድል ቀንሶ የግል ምስጢርን የሚያስቀድም ነው፤ ተቃዋሚዎቹ በዚህ ምክንያት ሥርዓቱ ከአፕል ደካማ ሆኗል ይላሉ፣ አልተሳሳቱም።

ሌላው ሰሚው በአገር ለአገር እኩል አለመከፋፈሉ ነው። የዝግ አይፎን ምልክት ቦሌ ላይ አላፊ አግዳሚ ሊይዘው ይችላል፤ ባለ ቁልፍ ስልክ በበዛበት ገጠር ግን የሚሰማው የለም። እዚያ ያለው ብቸኛ ምስክር ታወሩ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 የጀመረው የስልክ ቀፎ መለያ ቁጥር ምዝገባም ከዚሁ ጋር ይምታታል፤ ምዝገባው ያልተፈቀደ ቀፎ እንዳይሠራ ለማገድ የታሰበ ነበር እንጂ የት እንዳለ ለባለቤቱ የሚያሳይ አልነበረም፣ ቁጥሩም ፍላሽ በሚያደርጉ እጆች ሊቀየር ይችላል። የተሰረቀው ስልክ በሌላ ሲም ሲከፈት ኔትወርኩ ቀፎውን ያየዋል፤ ያንን መረጃ ግን ባለቤቱ በስልኩ ላይ አያገኘውም፣ በፖሊስና በፍርድ ቤት በኩል መሄድ ይኖርበታል። በ2024 የጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ለዚህ የተሻለ መሠረት ጥሏል። የመጨረሻው የታወር መዝገብ ስንት ጊዜ ይቀመጣል፣ ያለ ማዘዣ ማን ያየዋል፣ ልጁ የጠፋበት ወላጅ በስንት ሰዓት ውስጥ መልስ ያገኛል የሚሉት ጥያቄዎች የሚፈቱት አዋጁ በተግባር ሲፈተን ነው።